የዶክተር ፔንፎልድ ጥቁር ካፖርት

የዶክተር ፔንፎልድን ጋሪ ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ። በዌልቢና በዙሪያው ባለው የሊንከንሻየር ረግረግ ሐኪም እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጥርስ ይነቅላሉ፣ ስብራት ይጠግናሉ፣ ያዋልዳሉ። ድሃ ሲጠራቸው ዝናብ ነው ብለው ቀርተው አያውቁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ክፉ ሰው እንዳልነበሩ እንዲታወቅ ነው።

ለሥራ የሚለብሱት አንድ ጥቁር ካፖርት ነበራቸው። ሕክምና ካስተማሯቸው ሽማግሌ ሐኪም የወረሱት ነው። ደምና መግል ደርቆበት እጅጌው እንደ ቆዳ ደረቅ ብሏል። አይታጠብም። በዚያ ዘመን የሐኪም ካፖርት በቆሸሸ ቁጥር የባለቤቱ ልምድ ይታይበታል ይባል ነበር። ምጥ የያዛት ሴት ካፖርቱን በሩ ላይ ስታይ «ተመስገን» ትላለች። እኔም አጣጥፌ ጋሪው ላይ ሳስቀምጠው እኮራ ነበር።

ንግሥታችን ባሏን ከቀበረች በሦስተኛው ዓመት፣ በጸደይ፣ የገበሬው ኦባዳያ እግር ቀልቶ አበጠ። ዶክተሩ በየጠዋቱ መግሉን ያወጡለታል፤ ከዚያ ወደ ሌላ ቤት እንሄዳለን። አንድ ማክሰኞ ከእሱ ዘንድ ወጥተን የጫማ ሰፊውን ሚስት አዋለዱ። በሦስተኛው ቀን ብርድ ብርድ አላት። ሆዷ ተነፋ። እሑድ ቀበርናት። ቀጥሎ የመንደሩ አስተማሪ ሚስት። ቀጥሎ የድልድይ ጠባቂው ልጅ፤ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ዶክተሩ «ከረግረጉ የሚነሳ ክፉ አየር ነው» አሉ። ቄሱም ያንኑ በስብከታቸው ደገሙት።

እኔ ብዙ አልተማርኩም። ግን ጋሪ ነጂ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ያያል። በዚያው ወር አሮጊቷ አዋላጅ ማርጀሪ አራት ሴቶች አዋልዳ ነበር። የሚተነፍሱት ያንኑ አየር ነው። አራቱም ደጃቸው ላይ ልብስ ሲያሰጡ አይቻለሁ።

ልጄ ታቢታ ዘጠነኛ ወሯን ይዛ ነበር። ባሏን ኤበንን ለብቻው አነጋገርኩት።

«ማርጀሪን ጥራ» አልኩት።

«ዶክተሩ ራሳቸው እመጣለሁ ብለው? ሰው ምን ይለኛል፣ አባባ?»

«ሚስቱ በሕይወት አለች ይልሃል።»

ዓይኔን አየና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ማርጀሪ ዘንድ ስሄድ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ታሽ ነበር።

«ጌታህን ትተህ ወደ እኔ? ዛሬስ ፈረሱ ጋሪው ላይ ወጣ» አለች።

«አትሳቂ፣ እማማ።»

«አልሳቅሁም። እኔም የሞቱትን ስቆጥር ነው የከረምኩት።»

«ታዲያ ለምን አትናገሪም?»

«ማንበብ የማልችል አሮጊት፣ በሐኪም ላይ? አንተስ አፍህን ማን ሰፋው?»

«ምጥ ሲጀምራት ኤበን ይጠራሻል» አልኳት።

ሐሙስ ቀትር ላይ ዶክተሩ የኦባዳያን እግር ጨርሰው፣ እጃቸውን በካፖርቱ ጠርገው ወጡ። በመንገድ የሚያልፍ ጎረቤት «ሳይላስ፣ ልጅህን ምጥ ይዟታል» አለኝ። ዶክተሩ ሰሙ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ንዳ እንጂ» አሉ ደስ ብሏቸው። «ስትወለድስ የተቀበልኳት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ነዳሁ። ከድልድዩ ወዲህ ያለውን ጉድጓድ አውቀዋለሁ። ሆን ብዬ መንኮራኩሩን አስገባሁት፤ ተሰበረ።

ዶክተሩ ሳቁ። «አርጅተሃል፣ አንተ። ፈረሱን እሰርና ና፣ በእግር እንሂድ።» ካፖርቱን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ቀደሙኝ።

ስንደርስ የሕፃን ለቅሶ ደጅ ድረስ ይሰማል። ማርጀሪ ቀድማናለች። ተነፈስኩ። ዶክተሩ ግን እጃቸውን ወደ እጅጌው አስገቡ።

«የእንግዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን በእጄ ማየት አለብኝ» አሉ። «አሮጊቷን አላምናትም።»

በሩ ላይ ቆምኩ።

«ዞር በል፣ ሳይላስ።»

«አይገቡም፣ ጌታዬ።»

«አሞሃል?»

«የጫማ ሰፊው ሚስት፣ የአስተማሪው ሚስት፣ የድልድይ ጠባቂው ልጅ። ከኦባዳያ እግር ተነስተን ነው ሦስቱም ዘንድ የሄድነው። አየሩ አይደለም። በሽታውን በእጅዎና በዚህ ካፖርት እያደረግን የወሰድነው እኛ ነን።»

እጃቸውን አዩ። ገልብጠውም አዩት። ያን ጊዜ የገባቸው መሰለኝ። ከዚያ ፊታቸው ተዘጋ።

«የጨዋ ሰው እጅ ንጹሕ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ነገ እንዳትመጣ።» ብቻቸውን ተመለሱ።

ታቢታ ሦስተኛውን ቀን አለፈች። ሰኞ ዕለት ተነስታ ተቀመጠች።

በዚያው ሰኞ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት በደጃችን በፈረስ ሲጋልብ አለፈ። የሃያ ስድስት ዓመቷ ሚስቱ መውለጃዋ እንደደረሰ አውቅ ነበር። ጥቂት ቆይተው ዶክተሩ የተጠገነውን ጋሪ ራሳቸው እየነዱ፣ ካፖርቱን ለብሰው፣ ከኦባዳያ ቤት በኩል መጡ። አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር። ወደ ወፍጮ ቤቱ በሜዳው የሚያቋርጥ የእግር መንገድ አለ፤ ብሮጥ እቀድማቸው ነበር። ባርኔጣዬን አነሳሁላቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ነቀነቁልኝ።

እሑድ ማለዳ ደወሉ ተሰማ። በእኛ አገር በሟች ዕድሜ ልክ ነው የሚደወለው። ሃያ ስድስት ላይ ቆመ።

«የማን ነው፣ አባባ?» አለችኝ ታቢታ ልጇን እያጠባች።

«እንጃ» አልኳት።