ዋሽንግተን ያልደረሰችው ሰዓዳ

ሰዓዳ አሜሪካን ሃያ ሦስት ቀን በመኪና ዞራ ስትመለስ ማንም አላመናትም። ጄኔቭ፣ ፓኪ ሰፈር ካፌ ውስጥ የሚገናኙት ሴቶች ሳቁባት። ዙሪክ ያሉት ግን በሳቅ አላበቁም፤ ተጣሏት።

ሰዓዳ ጄኔቭ ውስጥ አንድ ዲፕሎማት ቤት ስምንት ዓመት ሠርታለች። መንትዮቹን ያሳደገችው እሷ ናት። «ሙሴ» የምትለው አሠሪዋ ቱሪስት የረገጠውን ቦታ የሚጠየፍ ሰው ነበር፤ ዕረፍት በመጣ ቁጥር ስሙን ማንም የማያውቀውን አገር ካርታ ላይ ይፈልጋል። ያን ዓመት በሐምሌ ወደ አሜሪካ ለመሄድ ሲነሡ ልጆቹን የሚይዝ ሰው አስፈለገና ለሰዓዳም ቪዛ ተመታላት።

ወሬው ዙሪክ እንደደረሰ ታናሽ እህቷ ሉበና ደወለች። ሉበና ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት ከኮምቦልቻ ወጥታ፣ ብዙ ተንከራታ ስዊዘርላንድ የገባች፣ ክሎተን አየር ማረፊያ አውሮፕላን የምታጸዳ ልጅ ናት። እዚያው ዙሪክ ያለው የአክስታቸው ልጅ አሕመድ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ቨርጂኒያ ከሚኖር ነቢል ከሚባል ሰው ጋር አስተዋውቋት፣ ኒካሕ ሊታሰር ቀን እየተቆረጠ ነበር። ሰውየውን የምታውቀው በፎቶና በስካይፕ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ እሱን ሳታዪ እንዳትመጪ» አለቻት። «ቤቱን እዪልኝ። ብቻውን መኖሩን እዪልኝ።»

ሰዓዳ ቃል ገባች። የሙሴ ሚስት ማዳምም «ዋሽንግተን ስንደርስ አንድ ቀን እሰጥሻለሁ» አለቻት።

ዋሽንግተን ግን አልደረሱም። ዴንቨር ላይ ከአውሮፕላን ወርደው መኪና ተከራዩና ሜዳ ለሜዳ ነጎዱ። ነብራስካ ውስጥ አሮጌ መኪኖች ግራጫ ተቀብተው፣ አፍንጫቸው መሬት ተቀብሮ፣ እንደ ሐውልት በክብ የተተከሉበት ሜዳ ላይ ግማሽ ቀን ዋሉ። አንድ ነዋሪ ብቻ ያላት ከተማ ገቡ። ካንሳስ ውስጥ የእሾህ ሽቦ ሙዚየም አዩ፤ ሌላ ከተማ ደግሞ ሰው የሚጎበኘው ከሰው ቁመት በላይ የተጠቀለለ የሲባጎ ኳስ ነበር። ሰዓዳ በየቦታው ልጆቹን ሽንት ታሸናለች፣ ታበላለች፣ ሙሴ ፎቶ ያነሣል። እሷ አንድም ፎቶ ላይ የለችም።

በአሥረኛው ቀን ስለ ዋሽንግተን ጠየቀች። ሙሴ ከመንገዱ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ፣ «ዋሽንግተንን በቴሌቪዥን ታይዋለሽ» አለ። ማዳም በመስኮት ወደ ውጭ አየች።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ካንሳስ ውስጥ ካደሩበት ሞቴል፣ ሰዓዳ ከነዳጅ ማደያ የገዛችውን የስልክ ካርድ ፍቃ ሉበና ወደ ሰጠቻት የነቢል የቤት ስልክ ደወለች። ቢያንስ ድምፁን ልስማ ብላ ነው። ያነሣችው ሴት ናት። ከኋላዋ ልጅ ያለቅሳል።

«ነቢልን ፈልጌ ነበር» አለች ሰዓዳ።

«ሥራ ወጥቷል። ባለቤቱ ነኝ፣ ማን ልበለው?»

ሰዓዳ ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ያየችው ሁሉ ትዝ አይላትም፤ አይዳሆ ላይ በውሻ ቅርጽ የተሠራ የእንግዳ ቤት ውስጥ ማደራቸው ብቻ ነው የማይረሳት። ጣሪያውን እያየች ለሉበና እንዴት እንደምትነግራት ስታስብ ነጋ።

ይህ በስልክ የሚነገር አይደለም ብላ፣ በተመለሰች በመጀመሪያው እሑድ ባቡር ተሳፈረች። ከጄኔቭ ኮርናቫን ጣቢያ እስከ ዙሪክ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቃላት ስትመርጥ ሄደች። ወጥ ቤት ወስጄ፣ እጇን ይዤ፣ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ አለች። ሉበና የምትኖርበት ሰፈር ሽዋመንዲንገን ደርሳ በሩ ሲከፈት ግን ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሉበና ደስታዬን ይካፈሉልኝ ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታለች። አሕመድ ሶፋው መሐል ተንሰራፍቶ ተቀምጧል።

«እሺ፣ ሙሽራውን እንዴት አገኘሽው?» አለ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ።

«ዋሽንግተን አልሄድንም።»

«ታዲያ የት ነበርሽ?»

ነገረቻቸው። መኪኖቹን ነገረቻቸው፣ አንድ ሰው ብቻ የሚኖርባትን ከተማ ነገረቻቸው። «እኛ ስንገባ የከተማው ሕዝብ ስድስት ሆነ» ስትል አንዷ ሳቀች። የውሻውን ቤት ስትጠቅስ አሕመድ እጁን አጨበጨበ።

«ስሙ ጎበዝ! ሰው አሜሪካ ሄዶ ውሻ ሆድ ውስጥ አድሮ ይመጣል? አሜሪካ አልሄድሽም በይና እንገላገል። ጌቶችሽ ትተውሽ ሄደዋል፤ አፍረሽ ነው።»

«ፎቶ እንኳ የለሽም እትዬ?» አለች ሉበና። ፊቷ ቀልቷል።

ሰዓዳ የመረጠችው ቃል ሁሉ ከአእምሮዋ ጠፋ። እንግዳው ሁሉ እያየ፣ ወደ አሕመድ ዞራ፣ «ያመጣህላት ሰው ሚስት አለው!» ብላ ጮኸች። «ልጅም አለው። ደውዬ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ደላላ!»

አሕመድ ስልኩን አወጣ፣ ለነቢል ደወለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ነቢል ነገሩን ሰምቶ ሳቀ። «እህቴ ናት» አለ። «ከነልጇ እኔ ጋ ነው ያለችው። ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ባለቤቱ ነኝ ብላኛለች!» አለች ሰዓዳ።

«እሷ አሜሪካም አልሄደችም» አለ አሕመድ ለስልኩ።

ሉበና ተነሥታ ቆመች። እትዬ ማለቱን ተወችው። «ቀናሽ» አለቻት። «አርባ ዓመት ሞላሽ፣ የሰው ልጅ ታቅፈሽ ቀረሽ፣ እኔ ትዳር ሳገኝ ቀናሽ። በሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«እኔ ውሻ ሆድ ውስጥ ያደርኩት አንድ ሌሊት ነው» አለች ሰዓዳ። «አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ልትከርሚበት ነው። ሂጂ!»

ከሉበና ጋር ክሎተን የምትሠራው ጎረቤቷ ተናኘወርቅ እስከ ትራሙ ድረስ ተከተለቻት።

«እውነትሽን ነው?»

«ወላሂ።»

«ታዲያ ለብቻዋ ብትነግሪያት ምን ነበረበት?»

«ፋታ ሰጣችሁኝ?» ብላ አምባረቀችባት፤ ትራሙ ሲመጣም ሳትሰናበታት ገባች።

ኒካሑ በስልክ ታሰረ፤ ወኪሉ አሕመድ ነበር። ሰዓዳ አልተጠራችም። የአሜሪካ መግቢያ ወረቀቷ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እህትማማቾቹ አልተደዋወሉም። ሉበና መሄዷን ሰዓዳ የሰማችው ከሄደች በሦስተኛው ሳምንት ከሰው አፍ ነው።

በሄደች በአምስተኛው ወር ተናኘወርቅ ደወለች። «ተመልሳለች። ስድስት ወር ከአገር ብትርቅ የስዊዝ መኖሪያ ፈቃዷ ይቃጠል ነበር፤ አንድ ወር ሲቀረው ደረሰች። እኔ ጋ ናት።»

ሰዓዳ በማግሥቱ ሄደች። በሩን የከፈተችው ሉበና ናት፤ ከስታለች፣ የክሎተንን የሥራ ልብስ ለብሳለች።

«ልትስቂብኝ መጣሽ?»

«አይደለም።»

«ሴትዮዋ ከሁለት ልጆቿ ጋር ፎቅ ላይ ነበረች። በኒካሕ ያገባት ሚስቱ ናት፣ ከኔ በፊት። እኔን ምድር ቤት አስቀመጠኝ። ጠዋት ጠዋት ልጆቿን ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነበርኩ።»

«ነግሬሽ ነበር» የሚለው ቃል ከሰዓዳ አፍ ወጣ። እንደወጣም ተጸጸተች።

«ነግረሽኛል። እውነትሽን ነበር፤ ሄድኩ ያልሽበትም ሁሉ ሄደሻል፣ አምናለሁ። ግን ለኔ ብለሽ አልተናገርሽም። አሕመድን ልታሸንፊ ነው የተናገርሽው። ወጥ ቤት ጠርተሽኝ ቢሆን እሰማሽ ነበር።»

ሰዓዳ አይደለም ልትል ፈለገች። ግን ያን ቀን በሰው ፊት የጮኸችው ሲስቁባት ደሟ ፈልቶ እንደነበር ታውቃለች። «አዎ» አለች።

ሉበና በሩን አልዘጋችውም፤ ግቢም አላለቻት። ሰዓዳ ያመጣችላትን ፌስታል ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ደረጃውን ወረደች።

አሁን የሚገናኙት እናታቸው ከኮምቦልቻ ሁለቱንም በአንድ መስመር ሲያገናኟቸው ብቻ ነው። እናትየው ሁለቱንም «እንዴት ናችሁ ልጆቼ» ይላሉ። ሁለቱም ደህና ነን ብለው ለእናታቸው ይመልሳሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን ቃል አይለዋወጡም።