ሳሮ ብንል ሳር መጣ

«እማዬ፣ ዕድላዊትን ገረሴ ያለው ወንድሜ ጋ ልወስዳት ነው» አለችኝ ልጄ ምኞት፣ ከምትሠራበት ከካምባ ደውላ።

«ለጥየቃ?»

«ለትምህርት። እዚያው ትማር።»

ስልኩ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ምክንያቱ ግን አልጠፋኝም። የልጅ ልጄ ዕድላዊት አራተኛ ክፍል ናት፤ አርባ ምንጭ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። በትምህርት ቤቷ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ትልልቅ ልጆች በኳስ ይጀምሩና በድንጋይ ይጨርሳሉ። ግቢው ደግሞ ድንጋይ አያጣም። በቀደም ለት አንዱ ድንጋይ መንገዱን ስቶ የእኔዋን ልጅ ቅንድቧ ላይ ፈነከታት። ሐኪም ቤት ሲሰፏት እሷ ዝም አለች፤ የጮኽኩት እኔ ነኝ።

«እስከ መንፈቀ ዓመቱ ፈተና ታገሽኝ» አልኳት። «ትምህርት ቤቱ ካልተስተካከለ ራሴ መኪና አሳፍሬ እልካታለሁ።»

ከአፌ ካወጣሁት በኋላ ነው የደነገጥኩት። ገረሴ ደጋ ነው፤ ልጅቷ የቆላ ልጅ ናት፣ ብርዱ ደረቷን ይይዛታል። እውነቱን ለመናገር ብርዱ ሰበብ ነው። እሷ ከሌለች ማታ በሩን ዘግተሽ ተኚ የምትለኝ ማን አለ?

እኔ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ስለተማርኩ የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ገብቻለሁ፤ ስለምትነዘንዝ ነው ያስገቧት የሚሉም አሉ። በዚያው ሰሞን ርዕሰ መምህሩ አቶ ሲሳይ ስብሰባ ጠሩን።

«መንግሥት ለትምህርት ቤት ደህንነትና ሁከትን ለመከላከል የሚውል ድጎማ ሊሰጥ ነው። ዕቅዳችንን ለዞኑ ካላቀረብን ግን ያልፈናል» አሉ።

እጄን ያወጣሁት ሳይጨርሱ ነው። «ግንብ! ረጅም ግንብ፣ ከላዩ የጠርሙስ ስባሪ! የብረት በር! ሁለት ዘበኛ፤ አንዱ ሲያንቀላፋ ሌላው የሚቀሰቅሰው!»

«ልክነሽ፣ ልጆቹን ልታስተምሪ ነው ልታስሪ?» አሉ ጋሽ ዳልጮ፤ ሰዉ ሳቀብኝ። ጋሽ ዳልጮ ላንቴ ቀበሌ ሙዝ የሚያለሙ፣ ጠብ በተነሣ ቁጥር የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ንግግራቸውን በአማርኛ ይጀምሩና ሲሞቃቸው ጋሞኛው ይቀላቀልባቸዋል። ተነሥተው ቆሙ። «ግንብ የውጩን ነው የሚከለክል። የሚፈነካከቱት ግን እውስጥ ናቸው። ግቢው ውስጥ ሳሮ ይግባ! መጀመሪያ ሳሮ! አጥሩ ከዚያ በኋላ!»

ሳሮ በእኛ በጋሞኛ ሰላም ማለት ነው፤ ስንገናኝም የምንባባለው እሱኑ ነው። ልጆቹ ሽምግልና ይማሩ ማለታቸው ነበር። አጨበጨብን። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው መምህር የአብስራ ግን ከጎንደር መጥቶ ገና ዓመት አልሞላውም፤ አንገቱን ደፍቶ የሰማውን ጻፈ።

ዞኑም ፈቀደ። አንድ ጠዋት አይሱዙ ግቢ ሲገባ ብሎኬት የጫነ መስሎኝ «ሃሌሉያ!» ብዬ ወጣሁ። ሹፌሩ ሸራውን ገለጠው። ሳር! ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ፣ እርጥብ ሳር!

«ማን አዘዘ?» አልኩ።

«እናንተ ናችኋ» አለ ሹፌሩ።

አቶ ሲሳይ ዕቅዱን አስመጥተው ጮክ ብለው አነበቡ። «ግቢው ውስጥ ሳር ይግባ። መጀመሪያ ሳር። አጥሩ ከዚያ በኋላ።»

ሁላችንም ወደ መምህር የአብስራ ዞርን። ፊቱ በርበሬ መስሏል። «ሳሩ፣ ሳሩ ያሉ መስሎኝ እኮ ነው!» አለ። «ሲደጋግሙት፣ ሰውየው ሳር እንዴት ቢወዱ ነው ብዬ…»

«ልጅ እየተፈነከተ ለፍየል ቀለብ!» ብዬ ጮኽኩ። «ደግሞ እባብ ያመጣል!»

«አሁን መቀየር አይቻልም» አሉ አቶ ሲሳይ ግንባራቸውን እያሹ። «በተፈቀደው ዕቅድ ላይ የሌለ ነገር አይገዛበትም።»

ጋሽ ዳልጮ ግን በትራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «ተዉት ልጄን፤ የተሳሳተ እየመሰለው ልክ ገባ። እኛ ጋ ሊያስታርቅ የሚሄድ ሽማግሌ በእጁ ምን ይይዛል?»

«ምን ይይዛል?» አለ የአብስራ።

«እርጥብ ሳር ነዋ! ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው አልፎ የሚማታ የለም። ጎሜ ነው!» ጎሜ ማለት ነውርም እርግማንም ነው፤ የደፈረው ሰው ጦሱ ለዘሩ ይተርፋል ይባላል።

ሳር በድንጋይ ላይ አይተከልምና መጀመሪያ ድንጋዩ ተለቀመ። የላይ ሰፈርም የታች ሰፈርም ልጆች አብረው ለቀሙት፤ ድንጋዩም ለአጥሩ መሠረት ሆነ፤ አጥሩም ከነብረት በሩ ሊቆም ነው ተባለ። ይህችን ስሰማ ትንሽ ተነፈስኩ። ሳሩ ሲይዝ ዘበኛው ፈቃደ «መርገጥም መንቀልም ክልክል ነው» ብሎ ጽፎ ተከለበት፤ ከልጆቹ ይልቅ ሳሩን ይጠብቅ ጀመር። ጋሽ ዳልጮ ደግሞ ዓርብ ዓርብ እየመጡ ከየክፍሉ ለተመረጡ ልጆች ሽምግልና ያስተምራሉ። ከተመረጡት አንዷ ማን ናት? ዕድላዊት!

«አንቺ ከጠብ መሀል ምን ጥልቅ አደረገሽ?» አልኳት።

«አያዬ፣ ጋሽ ዳልጮም እኮ ይገባሉ።»

«የሳቸው ቅንድብ አልተሰፋም!»

ፈተናው አለቀ። ዕድላዊት ትምህርት ቤት ከሄደች በኋላ ምኞት ባዶ ሻንጣ ይዛ ከካምባ ደረሰች። እኔ ሌሊቱን ስጸልይ አድሬያለሁ፤ ሻንጣውን እንኳ ሳታስቀምጥ የልጅቷን መሸኛ ልናወጣ አብረን ሄድን። በሩ ጋ ስንደርስ ግቢው በጩኸት ተናወጠ። ያው ኳስ! ድንጋይ ስላጡ በዱላ፣ የላይ ሰፈር በወዲህ፣ የታች ሰፈር በወዲያ ተፋጠዋል። እና በመሀል ማን ትሄዳለች? የእኔዋ!

«ክፈት!» ብዬ አዲሱን የብረት በር ደበደብኩ።

ፈቃደ በበሩ ፍርግርግ አየኝ። «እማማ ልክነሽ፣ ሰዓቱ ካልደረሰ ለማንም እንዳትከፍት ያሉኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

«እኔ ማንም ነኝ?!»

በዚህ መሀል ዕድላዊት ጎንበስ አለች፤ በሁለት እጇ ሳር ነጭታ ከሁለቱ ወገን መካከል ተንበረከከች። አንድ ከእሷ እጥፍ የሚሆን የታች ሰፈር ልጅ፣ አበጋዝ የሚሉት፣ ዱላውን እንዳነሣ ቀረ። የላይ ሰፈሩ ዮናስም እግሩን ሰበሰበ። ምኞት ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች።

ድንገት ፊሽካ ጮኸ። ፈቃደ እኛን ውጭ ዘግቶ ወደ ሳሩ በረረ። «ሳር የነቀለው ማነው?»

ዕድላዊት አፏን ልትከፍት ስትል አበጋዝ ዱላውን ከኋላው ደብቆ «እኔ ነኝ!» አለ።

«ውሸቱን ነው፣ እኔ ነኝ!» አለ ዮናስ።

«እኔ ነኝ!» «ኧረ እኔ ነኝ!»

«ሁላችሁም ከነቀላችሁ ይሄ ሁሉ ሳር እንዴት ተረፈ ታዲያ?» ብሎ ፈቃደ ሲቆጣ አንዱ ልጅ ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ፈቃደም ሁሉንም በባልዲ ውኃ አስቀድቶ ሳሩን አስጠጣቸው። በሩን የከፈተልን ያኔ ነው።

ዕድላዊት ጉልበቷ ጭቃ እንደሆነ እናቷ ላይ ተጠመጠመች። «መቼ መጣሽ? ገረሴ ልትወስጂኝ ነው? እኔ ግን አልሄድም። እኔ ከሄድኩ እነዚህን ማን ያስታርቃል?» ብላ በአገጯ ባልዲ የተሸከሙትን ጎረምሶች አሳየች።

ምኞት እንባዋን እየጠረገች ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? ፈርተሻል፣ አይደል?»

«እንዴታ!» አልኳት። «ነገም እፈራለሁ፣ ከነገ ወዲያም እፈራለሁ። ለመፍራት እኔ አለሁ፤ እሷ ትቆይ።»

ምኞት ልጇን አየቻት፤ ቅንድቧ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቷ ዳሰሰችው። «እሺ፣ ትቆይ» አለች። ከዚያ እጇ ላይ ያለውን ባዶ ሻንጣ አየች። «ይሄንንስ ምን ላድርገው?»

«ሙዝ ሙዪበትና ለገረሴዎቹ ላኪላቸው» አልኳት። «በማይረባ ነገር እንዳይቀየሙን!»