ዋጋው ያልተቆረጠ ዕለት

ስለ ጋዝ ዋጋ ሲጨቃጨቁ መስማት ሰልችቶኛል። በዋና ከተማችን ኪሺናውና በሞስኮ ያሉት ትልልቅ ሰዎች በረዶ በገባ ቁጥር ይጣላሉ፤ እኛ ሞልዶቫ ውስጥ በኒስትሩ ወንዝ ዳር ያለነው ደግሞ ካፖርታችንን እንደለበስን እንተኛለን። የሚጣሉት ሰዎች ሲበርዳቸው አይቼ አላውቅም።

እህቴ ግሊኬሪያ የተዳረችው ከወንዙ ማዶ ነው። ማዶኞቹ ከእኛ ተገንጥለው የራሳቸውን ባንዲራ ሰቅለዋል፤ ጋዙም ከሞስኮ በነጻ በሚባል ዋጋ ይመጣላቸው ነበር። ክብሪት ከጋዝ ስለሚወደድ ምድጃቸውን አያጠፉም፤ ሌት ተቀን ይነዳል። የጥንቱን የጡብ ማሞቂያ እንኳ ቦታ ፈጀብን ብለው አፍርሰውታል። እህቴ እንጨት ስፈልጥ ባየችኝ ቁጥር ትስቅብኝ ነበር።

ዘንድሮ በጥር ጋዙ ተቋረጠ። በዋጋ አልተስማሙም ተባለ። እህቴ ጥቂት ቀን ተንቀጥቅጣ ድልድዩን ተሻግራ እኔ ዘንድ መጣች። ባሏ ፖርፊሪ ግን፣ «በእናንተ እንጨት ከምሞቅ በራሴ ብርድ ልሙት!» ብሎ ወጥ ቤት ውስጥ አልጋውን ዘርግቶ ቀረ።

አንድ ጠዋት የበቆሎ ገንፎ እያማሰልኩ ሳለ ሬዲዮኑ፣ ተስማምተዋል፣ እኩለ ቀን ላይ ጋዙ ለማዶኞቹ ይለቀቃል አለ። እህቴ አጨበጨበች። ወዲያው ፊቷ አመድ መሰለ።

«እትዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«የምድጃው ማብሪያ ክፍት ነው።»

«ሳትዘጊው መጣሽ?»

«ምኑን ልዝጋው? ራሱ ጠፋ እኮ! ዕድሜዬን ሙሉ ዘግቼው አላውቅም!»

«ፖርፊሪ ይዘጋዋላ።»

«ፖርፊሪ? ሻይ አፍልቶ የማያውቀው ሰውዬ? አፍንጫው እንደሆነ በጉንፋን ተደፍኗል፤ ቢሸትስ መቼ ይሰማዋል!»

ማዶ መብራትም ስለሌለ ስልኩ ዝግ ነው። ገንፎውን እሳት ላይ ትተን ወጣን። በረዶው ያንሸራትታል፤ ሁለት አሮጊቶች ተደጋግፈን ሮጥን ከተባለ ሮጥን። ድልድዩ ላይ ያለው ወታደር መታወቂያችንን እያገላበጠ ቆየ።

«ባሌ ሊሞት ነው፣ አንተ ልጅ!» ብላ እህቴ መታወቂያዎቹን ከእጁ ነጠቀችው። አልተከተለንም።

ስንደርስ እኩለ ቀን አልፏል። የወጥ ቤቱ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። ደበደብን፤ መልስ የለም። እህቴ፣ «ፖርፊሪ! አንተ ድንጋይ! ስማኝ እንጂ!» እያለች ታለቅሳለች። እኔ ጡብ አንስቼ መስኮቱን ሰበርኩት።

ብርድ ልብስ ከተቆለለበት ሥር አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ።

«ምን ነካችሁ? የቀረችኝን ሙቀት ልታስወጡብኝ ነው?»

በሩን ሲከፍትልን እህቴ አልፋው ወደ ምድጃው ሮጠች። አራቱም ማብሪያዎች ወለል ብለው እንደተከፈቱ ናቸው። አንድ በአንድ ዘጋቻቸው። ምንም አይሸትም። «ጋዙ አልመጣም እንዴ?» አለች።

«የምን ጋዝ?» አለ ፖርፊሪ ጆሮው ላይ ለጥፏት የነበረችውን የባትሪ ሬዲዮ ከአልጋው እያነሳ። «አሁን ተናገሩ፤ በመጨረሻው ሰዓት በዋጋው ተጣልተው ተለያይተዋል።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እነዚያን ትልልቅ ሰዎች ስረግም ነው ዕድሜዬ ያለቀው። አማተብኩና፣ «እንኳን ተጣሉ! ተመስገን፣ እንኳን ተጣሉ!» እያልኩ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እህቴ የተሰበረውን መስኮት በትራስ ወተፈችው። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች።

«አንቺ ሂጂ፣ ገንፎሽ አርሯል» አለችኝ። «እኔ ይህንን ሰውዬ ከእንግዲህ ብቻውን አልተወውም።»

ፖርፊሪ አልጋው ላይ ወጥቶ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለና ቦታ ለቀቀላት።