የማክናብ ግንብና ባለሪዙ ማስፈራሪያ

የጎማ ዛፍ እርሻ ባለቤቱ ማክናብ ስኮትላንድ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ጎጆ እንደተወለዱ ይወራል። ማሌያ አገር፣ ፔራክ ወንዝ ዳር ሲደርሱ ግን ደማቸው የንጉሥ ሆኖ ተገኘና ግንብ ካልሠራሁ አሉ። ምን ይደረግ፣ የማሌያ አየር ለአንዳንድ ሰው እንዲህ ይስማማዋል።

ግንቡን የሚሠሩት ከሕንድ፣ ከታሚል አገር በመርከብ የመጡ ግንበኞች ናቸው። አለቃቸው አንጋሙቱ ይባላል። ውሉ አጭር ነበር፤ ቤቱ ሲያልቅ ለእሱና ለሚስቱ ለቼላማ የመመለሻ ቲኬት ይቆረጥላቸዋል። ልጃቸው ቫሊ አያቷ ዘንድ ቀርታለች። ሲለዩዋት ገና ትድህ ነበር፤ አሁን ውሃ ትቀዳለች አሉ። አንጋሙቱ ጡብ በደረደረ ቁጥር የሚያስበው እሷን ነው። ጌታው ግን ቤቱ ሊያልቅ ሲል የሆነ ነገር ትዝ ይላቸዋል፤ አንዴ ማማ፣ አንዴ የወይን ጠጅ ጓዳ፣ አንዴ እንግዳ የሚደንስበት ሰገነት። በዚያ ዱር ውስጥ ማን ሊደንስ እንደሆነ ደፍሮ የጠየቃቸው የለም።

በግንበኞቹ ልማድ፣ በመሠራት ላይ ያለ ቤት የሰው ዓይን እንዳይበላው ማስፈራሪያ ይሰቀልበታል፤ ቀናተኛ ሁሉ መጀመሪያ እሱን እንዲያይ። እሱ ሳይወርድ የቤት ምርቃቱ ወተት አይፈላም፣ ወተት ሳይፈላ ደግሞ ቤት አለቀ አይባልም። አንጋሙቱም አንዱን በገለባ ጠቅጥቆ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ጥርሱን አግጥጦ፣ ትልቅ ሪዝ ለጥፎ ሰቀለው።

ማክናብ ቀና ብለው አዩት። የራሳቸውንም ሪዝ ዳሰስ አደረጉ።

«እኔ ነኝ?» አሉ።

ሠራተኛው ሁሉ አቀረቀረ። አንጋሙቱ ግን ፈጥኖ መለሰ።

«አዎ ጌታዬ! ሌላ ማን ይሆናል?»

ሰውዬው ደስታቸው ወሰን አጣ። ይህን ያህል የሚወዳቸው ሕዝብ እንዳለ አያውቁም ነበር፤ ሕዝቡም አያውቅም ነበር። ዝናብ እንዳያበላሸው በሲሚንቶ ተሠርቶ ለዘላለም እዚያው እንዲቆም አዘዙ።

«ጎሽ፣ የቫሊ አባት!» አለችው ቼላማ ሩዙን እያቀረበች። «ለዘላለም ይቁም አሉ? እንግዲህ ቤቱም ለዘላለም አያልቅማ! ልጅህን በምላስህ ሸጥካት።»

«ታዲያ ምን ልበል? ጭራቅ ነው ልበላቸው?»

«እውነቱን በላቸው! አፍህ የሚከፈተው ለሩዝ ብቻ ነው?»

በማግስቱ አንጋሙቱ የትከሻውን ፎጣ አውርዶ ጌታው ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ያ እርስዎ አይደሉም። የሰው ዓይን እንዳይጎዳዎ የሰቀልነው ማስፈራሪያ ነው። ቤቱ እንዲያልቅ መውረድ አለበት።»

የማክናብ ፊት በርበሬ መሰለ። አንጋሙቱ ዱላ ጠበቀ።

«ማነው በእኔ የሚቀናው?»

«እ... ሁሉም ሰው ጌታዬ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ፊታቸው እንደገና በራ። «እንግዲያማ መቅናታቸውን እስኪተዉ አይወርድም!» አሉ።

አንጋሙቱ ሲሚንቶውን በገዛ እጁ አቦካ፤ ሪዙን ሲያበጅ እንባው ይወርድ ነበር።

ማክናብ ደግሞ አሳንሰር ሊገዙ አገራቸው ሄዱ፤ ሰው ዱር ውስጥ ያለ አሳንሰር እንዴት ይኖራል? እዚያው ብርድ መታቸውና ሞቱ። እርሻውን የገዛው አዲስ ጌታ ጣራ ያልለበሰውን ግንብ አይቶ ሳቀ። አንጋሙቱ የቲኬቱን ነገር ሲያነሳበት «ውልህ ቤቱ ሲያልቅ አይደል? ሲያልቅ ና» አለው። ሊያስጨርሰው ግን ሐሳቡም አልነበረውም።

አንጋሙቱ ለሙጫው የጎማ ዛፍ ሲያደማ አረጀ። ቫሊን ሳያያት ሞተ፤ አስከሬኑም እዚያው ወንዝ ዳር ተቃጠለ።

ግንቡን ሐረግ ከወረሰው በኋላ የማክናብ መንፈስ ሌሊት ሌሊት እየተንከራተተ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። አንዲት ጎረቤት ወሬውን ትኩስ ትኩሱን ለቼላማ አመጣችላት። አሮጊቷ ከምትለቅመው ሩዝ ላይ ቀና አላለችም።

«እሱ ደሞ ምን ቤት ነው የሚንከራተተው?» አለች። «እሱማ አገሩ ገብቷል።»