ያስቀርባል ወይስ አያስቀርብም

ሰፈሩ «ሬድዮ» የሚለው ፀጉር አስተካካይ በአገሪቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ፣ ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል። ኮሪደሩን የሞላው ሰው ጭንቀት ተሰብስቦ ወፍጮ ቤት ቢገባ አንድ ከተማ ክረምቱን ሙሉ ይቀልብ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁሉም አንገቱን ያሰግጋል፤ ውሳኔውን ከሚወጣው ሰው ፊት ላይ ሊያነብ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሬድዮ የሚኖሩበትን ቤት፣ ፀጉር የሚያስተካክልበትን በረንዳ ጨምሮ፣ ለታላቅ ወንድሙ ሸጫለሁ ብሎ ፈርሟል። እሱ «የውርስ ጉዳይ ማስጨረሻ ነው ብሎ አስፈረመኝ» ባይ ነው። ወንድሙ ከሰሰው፤ የታች ፍርድ ቤቶች ሁሉ «ፊርማው ያንተ ነው፣ ቤቱን ልቀቅ» አሉት። የቀረችው ይህች በር ብቻ ናት። ከዚህ ወዲያ ያለው ዳኛ ሰማይ ቤት ነው።

«ይስሙኝ ጋሼ» አለችው ጠበቃቸው፣ የሚስቱ የአክስት ልጅ ናት፤ «እነዚህ ሦስት ዳኞች ዛሬ ማን እውነት ይዟል ብለው አይፈርዱም። የታች ፍርድ ቤቶች ትልቅ የሕግ ስህተት ሠርተዋል ወይ፣ ያቺን ብቻ ነው የሚያዩት። ሠርተዋል ካሉ ‹ያስቀርባል› ይላሉ፣ ክርክራችን ይሰማል። ‹አያስቀርብም› ካሉ አለቀ።»

«ወንድሜ የሠራኝን ጉድ ሳይሰሙ?»

«የወንድምዎ ክፋት የሕግ ስህተት አይደለም። ስህተቱ ሌላ ነው። ቤቱ የጋራችሁ ሆኖ ሳለ እህቴ አልፈረመችም፤ ፍርድ ቤትም የጠራት የለም። ከጠየቁዎት ይቺን ብቻ ይበሉ። እባክዎ ጋሼ፣ እንዳያሳምሩት።»

ሬድዮ ሚስቱን በዓይኑ ጠርዝ ሰረቅ አድርጎ አያት። መስኮቱን ታያለች። ክሱ ከመጣ ወዲህ «ብላ» እና «በሩን ዝጋ» ከማለት በቀር ቃል ተንፍሳለት አታውቅም።

በሩ ተከፈተና ሱፍ የለበሰ ነጋዴ ወጣ። ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ አንድ ጫማውን አወለቀ፣ ውስጡን አየና መልሶ አጠለቀው። «አያስቀርብም» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

የእነ ሬድዮ ስም ተጠራ።

ክፍሉ ከኮሪደሩ ያንሳል። ሦስቱ ዳኞች በፋይል ክምር መሐል ከአንገታቸው በላይ ብቻ ይታያሉ። ጠበቃዋ ነጥቧን በአጭሩ አስረዳች። የመሐል ዳኛዋ ቀና ብለው ሬድዮን አዩት።

«ሽያጩን ስትፈርም ባለቤትህ ታውቅ ነበር?»

ምነው ዝም ባለ። ግን ወንበሩ ላይ ለሚቀመጥ ደንበኛ ሁሉ ሲደጋግማት የኖረችው ጉራ አፉ ላይ ተዘጋጅታ ትጠብቅ ነበርና ቀደመችው፤ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ ያለሚስቴ ምክር ሚስማር እንኳ አልመታም።»

ጠበቃዋ ዓይኗን ጨፈነች። የቀኙ ዳኛ እስክሪብቶ አነሱ።

«እንግዲያስ ታውቅ ነበር ማለት ነው» አሉ።

ሬድዮ ቤቱ ሲሄድ ታየው፤ መስታወቱ፣ ወንበሩ፣ አልጋው፣ ሁሉም ጎርፍ እንደወሰደው።

«አይ… እሱን ለሰው ነው የማወራው» አለ። «ሚስማሩን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። ቤቱንም ሳልነግራት ነው የፈረምኩት። የሰማችው የክሱ መጥሪያ ቤት ሲመጣ ነው።»

ከኋላ ወንበር የሚስቱ ትንፋሽ ተሰማው። ዞሮ ለማየት ወኔ አጣ።

ዳኞቹ ተንሾካሾኩ። ለእሱ አንድ ዓመት መሰለው። በመጨረሻ የመሐሏ ተናገሩ፤ «የሚስቱ ፈቃድ ሳይኖርና የእሷም ቃል ሳይሰማ መወሰኑ መመርመር አለበት። በዚህ ነጥብ ላይ ብቻ ያስቀርባል። እስከዚያው ቤቱን የማስለቀቁ ትእዛዝ ይታገድ። ሚስቱም ቀርባ ቃሏን ትስጥ።»

ኮሪደር ሲደርሱ ሬድዮ ጠበቃዋን ሊያቅፋት ምንም አልቀረው። «አሸነፍን በይኛ!»

«ገና ነው ጋሼ። እንሰማለን ነው ያሉት እንጂ ቤቱ የእርስዎ ነው አላሉም። ከእንግዲህ ነገሩ ያለው እህቴ አፍ ላይ ነው። ‹አውቄ ዝም አልኩ› ካለች አብቅቷል» አለችና ቀጠሮ ልታስመዘግብ ሄደች።

ሬድዮ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሻርፗን እያስተካከለች ነው።

«ቀጠሮው ሲደርስ… ምን ትያለሽ?»

«ሲጠይቁኝ እመልሳለኋ።»

«ይኸው እኔ እየጠየቅኩሽ ነው።»

«አንተማ ዳኞቹ ቀደሙህ» አለችና ደረጃውን መውረድ ጀመረች።