ከእትዬ አፍ

ፍርሃት የማያውቅ ጠላቂ አለ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ከመታጠቢያ ገንዳ ወዲያ ውሃ አላየህም በሉት። ጠላቂዋ ግድቡ ውስጥ ስንት ዓመት ስትወርድ ስትወጣ ኖራለች፤ ዛሬም ጥቁሩን ውሃ ስታይ ትፈራለች። የዛሬው ደግሞ ባሰ፤ አብሯት የሚወርደው ታናሽ ወንድሟ ነው።

የዘወትር ባልደረባዋ ጆሮው ታሞ ተኝቷል፤ ጆሮውን የታመመ ሰው ደግሞ አይጠልቅም። ከውሃ መውሰጃው በር ወደ ውስጥ ያለው የብረት ፍርግርግ በቅርንጫፍና በፌስታል ታፍኖ የከተማው ቧንቧ ጭል ጭል ማለት ጀምሯል። ጠላቂ ለብቻው አይወርድም። ስለዚህ ዳክዬ ተጠራ። ይህን የቤት ስም ያወጡለት እናታቸው ናቸው፤ ገና ዳዴ ሲል ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ አልወጣም ብሎ ስለሚያለቅስ። አንድ ቀን ከእህቱ አፍ ከረሜላ ነጥቆ እናቱ ያቀመሱት ጥፊ እስከ ዛሬ ጆሮው ላይ ይጮኻል። "ከእህትህ አፍ? ከአፏ? ዋ!" ነበር ያሉት። አሁን አድጎ የዋና አስተማሪ ሆኗል፤ የመጥለቅ ፈቃድም አለው።

ፎርማኑ ጀልባዋ ላይ ቆመው፣ ከጠላቂዋ ግራና ቀኝ ጎን የታሰሩትን ሁለት የአየር ሲሊንደሮች በአገጫቸው አመለከቱ።

"ይሄ ልጅ በዚህ ዕቃ ተምሯል?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከበሩ ወደ ውስጥ ያለው መተላለፊያ ጣሪያው ዝቅ ያለ ኮንክሪት ነው፤ ሲሊንደር በጀርባ አዝሎ የሚገባ ሰው ጣሪያው ይይዘዋል። እሷ ለዚህ ስትል በስተርጅና ተማሪ ሆና፣ ተፈትና፣ በጎን ለሚታሰረው ዕቃ ሌላ የምስክር ወረቀት ይዛለች።

"ጋሼ፣ እሱ የሚለብሰው እኮ የራሱን ነው" አለች። "አንድ ሲሊንደር፣ ጀርባው ላይ፣ እንደተማረው። ከበሩ ውጪ መብራት ይዞ ይጠብቀኛል እንጂ አይገባም። ለእኔ ዕቃ እሱ ምን ወረቀት ያስፈልገዋል?"

"እኔ እንጃ ልጄ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል።"

"የጠመጠምኩት እኮ እኔ ነኝ!"

ዳክዬ ሳቀ። "አይስጉ ጋሼ፣ እትዬን ውሃው ራሱ ይፈራታል።"

ፎርማኑ ፈቀዱ። ደንቡም የሚለው እሷ ያለችውን ነው፤ ዕቃውን የሚለብስ ሰው ይማር። ከለበሰው ሰው ጋር ስለሚወርደው ምስኪን ትንፍሽ አይልም። ደንብ ጸሐፊዎች ምን አለባቸው፣ እነሱ አይወርዱ!

ከመውረዳቸው በፊት እርስ በርስ ተፈታተሹ። "አየር ቢያልቅብህ ከእኔ ትወስዳለህ" አለችው። "አውቃለሁ፣ ከአንቺ እወስዳለሁ" አላት። ተስማሙ። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። እሱ በተማረው አለባበስ ጠላቂ ሁሉ ደረቱ ላይ ትርፍ መተንፈሻ ያንጠለጥላል፣ ቢጫ ነው፤ አየር ያለቀበት ሰው ያንን መንጭቆ አፉ ውስጥ ይከታል። በእሷ አለባበስ ግን አንገቷ ስር በላስቲክ የታሰረው ቢጫ የራሷ ነው፤ ቱቦው አጭር ነው፣ ለሌላ ሰው አይደርስም። ለቸገረው የሚሰጠው ባለረጅም ቱቦው፣ ያው አፏ ውስጥ ያለው ነው። እሷ ይህን ከመልመዷ የተነሳ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሏት አልነገረችውም። እሱም ቢጫውን አንገቷ ላይ አየና ልቡ ረጋ።

ወረዱ። ብርሃኑ አረንጓዴ ሆነ፣ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። በሩ ጋ ሲደርሱ በእጇ "እዚህ ቁም" አለችው፤ በጣቱ እሺ አላት። እየተሳበች ገባች።

ፍርግርጉ ላይ የተጠመጠመውን ቅርንጫፍ ስትጎትት ለዓመታት የተኛው ደለል ተነሳ። የገዛ እጇ ጠፋባት። የመብራቷ ብርሃን ጭቃው ውስጥ ቀለጠ። አትፍሪ አለች ለራሷ፤ ግን ፈራች፣ በጣም ፈራች፤ ጣሪያው ጭንቅላቷ ላይ የሚወርድ መሰላት። በግራ እጇ ግድግዳውን ይዛ ትንፋሿን ስታረጋጋ ከኋላዋ ብረት ከሲሚንቶ ሲጋጭ ሰማች። ቀጥሎ የሚፈላ ውሃ ዓይነት ድምፅ መተላለፊያውን ሞላው። አየር ነው! የሰው አየር እየፈሰሰ ነው!

ዳክዬ ነበር። መብራቷ ሲጠፋበት እህቴ አለቀች ብሎ፣ ያንን ሲሊንደር በጀርባው እንዳዘለ ገባ። ከጣሪያው የወጣ የብረት ጫፍ ቱቦውን ሰነጠቀው። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼ ነው።

ጨለማው ውስጥ እጅ መጣ። ትከሻዋን ያዘ፣ ከዚያ አንገቷን። ፊቱ መነጽሯ ላይ ተለጠፈ፤ ዓይኑ ፈጧል፣ ከአፉ የሚወጣ አረፋ የለም። ቢጫውን ጨበጠና መነጨቀ። ላስቲኩ ማጅራቷን ቆረጠው፤ ቢጫው አልመጣም። ደግሞ መነጨቀ። እሷም እንደተማረችው አፏ ውስጥ ያለውን አውጥታ ወደ አፉ ዘረጋችለት።

ልጁ አየው። አየውና ራሱን ነቀነቀ። እምቢ አለ! በአንድ እጁ ቢጫውን እየጎተተ በሌላው የእሷን መተንፈሻ ወደ እሷ አፍ መለሰው። ደግማ ሰጠችው፤ ደግሞ ገፋው። የራሷን ነፍስ አውጥታ የምትሰጠው መስሎታል፤ ሞት አፋፍ ላይ ቆሞ እንኳ ከእህቱ አፍ አይነጥቅም። ኧረ አንተ ልጅ፣ ኧረ በእናትህ! ብትጮህ አፏ የሚሞላው ውሃ ነው። አሁን የሁለቱም አፍ ባዶ ነው፤ በቂ አየር ደግሞ ጎኗ ላይ ተሸክማለች። ደረቷ መቃጠል ጀመረ። እናቴን ምን ብዬ አያቸዋለሁ የሚል ሐሳብ መጣባት፤ ቀጥሎ ማንም ለእናቷ ምንም ላይነግር እንደሚችል ገባት። 

የወንድሟን ጉልበት ታውቀዋለች፤ ቢጫውን ከጭብጡ አታስጥለውም። ስለዚህ ራሷ ሄደችለት። አንገቷን ሰብራ፣ አፏን እንደ ጥጃ ወደ ጭብጡ ሰድዳ፣ ቢጫውን እዚያው እጁ ውስጥ እንዳለ ነከሰችው። ተነፈሰች። አረፋዋ በፊቱ ላይ አለፈ። እሱም አየ። እህቱ ትተነፍሳለች፣ ይኼኛው ታዲያ የማን ነው? ጣቶቹ ላሉ። ባለረጅም ቱቦውን ከንፈሩ ላይ ደቅና የአየር መልቀቂያ ቁልፉን ስትጫነው አየሩ ተንፎለፎለ፤ ነከሰው።

ክንዱን ጨብጣ በግድግዳው እየመራች አወጣችው። ወደ ላይ ሲወጡ እሱ ሊሮጥ ይቃጣዋል፤ እሷ ትይዘዋለች፤ የሮጠ ሰው ሳንባው ይፈነዳል። ብርሃኑ ቡናማ ሆነ፣ አረንጓዴ ሆነ።

ጀልባዋ ላይ ዳክዬ ውሃ እያስመለሰ አለቀሰ። "ለምን የራስሽን ሰጠሽኝ? ልትሞቺ ነበር እኮ፣ እትዬ!"

"የእኔ አልነበረም" አለች፤ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ። "አፌ ውስጥ የነበረው ያንተ ነው። የእኔ አንገቴ ላይ የነበረው ነው። አልነገርኩህም... ወረቀት አያስፈልገውም አልኩ።"

 ፎርማኑ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ብለው ይሆናል፣ ወቀሳውን ትተው ብርድ ልብስ ጣሉባቸውና ወደ ዳር ቀዘፉ።

ዳር ሲደርሱ ልጆቹ ቤት ይሄዳሉ ብለው ነበር ፎርማኑ። እሷ ግን ዕቃዋን ሳታወልቅ ደረቁ ሣር ላይ ተቀመጠች፤ ወንድሟን ከፊቷ አስቀመጠችው። መተንፈሻውን ነከሰችና አፏን በጣቷ አሳየችው።

እጁን ዘረጋ። ከንፈሯ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"እጄ እምቢ አለኝ፣ እትዬ። ከአፍሽ..."

አወጣችው። "ንጠቅ! እማ ይሙቱ፣ ንጠቀኝ!" መልሳ ነከሰችው።

ዳክዬ ዓይኑን ጨፍኖ ነጠቀ። የነጠቀውን አፉ ውስጥ ከተተ። እሷም አንገቷን ሰበር አድርጋ ቢጫውን አነሳችና ተነፈሰች። ዙሪያው ሁሉ አየር ነው፤ ነፋሱ ሣሩን ያወዛውዛል፤ እሷ ግን ቢጫውን ከአፏ ልታወጣ አልቻለችም።

"በቃ ልጄ፣ መሬት ላይ ናችሁ እኮ" አሉ ፎርማኑ።

ራሷን ነቀነቀች። ባለረጅም ቱቦውን ከወንድሟ አፍ ተቀብላ በቢጫው ፋንታ መልሳ ነከሰች፤ በጣቷም "እንደገና" አለችው።