ቁልፍ ሠሪው የተጸጸተበት ነገር

ኅዳር 22 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ሳለሁ፣ ታናሽ ወንድሜን በቀበርን ማግስት፣ የፓርቲው ጸሐፊ የሻዩን ብርጭቆ ወለሉ ላይ አስቀምጦ የሟቹን ልጅ ቀና ብሎ አያት።

«እኔ ከራሴ ምንም አልጨምርም፤ እሱ ያለውን ብቻ ነው የማነበው» አላት። «‹ስለዚያ ቀን ተጸጽቻለሁ› ብሏል። ብሏል ወይስ አላለም?»

«ብሏል» አለች ልጅቱ፣ ትሪዋን ደረቷ ላይ እንደ ጋሻ ይዛ።

«እንግዲህ! እናትሽም የነገሩኝ ይህንኑ ነው። በሚመጣው እሑድ በመታሰቢያው ጸሎት ላይ ለምእመናን ይነበባል፤ አባትሽም ወደ ወገኖቹ እንደ ተመለሰ ይታወቅለታል። ነገ መጥቼ ቃልሽን እሰማለሁ።»

ከተማው ይህን ሰው «ማይኩ» ይለዋል፤ አንዴ ማይክ ከጨበጠ አይለቅምና። ሲወጣ የሁሉንም እጅ ጨበጠ፤ የኔን ሁለት ጊዜ።

ወንድሜ ቁልፍ ሠሪ ነበር። ሱቁ ከበሯ የማትሰፋ ነበረች፤ የብረቱን ብናኝ እፍ እያለ፣ የተቀረጸውን ቁልፍ ወደ ብርሃን አንሥቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ይህ ሰው በማይኩ ፓርቲ ለከተማው ምክር ቤት ተመርጦ ሰብሳቢ እስከ መሆን ደረሰ። ስብሰባውን ሁሉ በጸሎት ይከፍት ነበር። ጸሎቱ ያማረ ነበር፤ ወንድሜ ነውና ልሸፍንለት ብፈልግም አልችልም፣ የሚያምረው ለሰሚ ጆሮ ነበር። ማይኩ፣ «እሱ አሜን ሲል ተቃዋሚዎቻችን ግማሹን ተሸንፈዋል» እያለ ይስቅ ነበር።

ከዚያ የመቃብሩ ቦታ ጉዳይ መጣ። የከተማው ሙስሊሞች ሬሳቸውን በጭነት መኪና ጭነው ግማሽ ቀን መንገድ ይሄዱ ነበር፤ ከእህል መጋዘኖቹ በስተጀርባ ያለው ተዳፋት ለመቃብር ይሰጠን አሉ። የኛ የክርስቲያኖቹ ወገን ደግሞ፣ «ዛሬ ለሙታን፣ ነገ ለሕያዋን ይሉናል» ብሎ አደመ። ድምፁ ተቀራራቢ ነበር። ክርክሩ ሲጎተት፣ ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ የሆነው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ሐጂ የምንለው ሽማግሌ፣ ወደ መስኮቱ አየት አደረገና ተነሥቶ ወጣ። የሰላቱ ሰዓት ደርሶበት ነው።

ማይኩ ወደ ወንድሜ ጆሮ ጎንበስ አለ። «ድሉን ራሱ ሰጠን! አሁኑኑ እጅ ይውጣ!»

ወንድሜ ሁለት መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ሰውዬው ይመለስ» አለ።

«የወጣው እኮ በራሱ እግር ነው!»

«በራሱ እግር ይመለሳላ።»

ሐጂው የእጅጌው ጫፍ እንደ ረጠበ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ተዳፋቱም በአንድ ድምፅ ብልጫ ለመቃብር ተሰጠ።

ወንድሜን ፓርቲው አባረረው፤ ቤተ ክርስቲያኑም ከሽማግሌነት አወረደው። ወጣቶች በሱቁ ደጃፍ ሲያልፉ፣ «ጋሼ፣ ለኛም አንድ ይቅረጹልን እንጂ፤ የከተማውንማ ሰጥተው ጨረሱ!» ይሉታል። እሱ ቀና አይልም። ሚስቱ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከፊተኛው ወንበር ተነሥታ በሩ አጠገብ መቀመጥ ለመደች፤ ማንም ሂጂ አላላትም፤ ማንም ነይም አላላትም። አሁን ምርጫ ቀርቧል፤ የተዳፋቱም ጉዳይ እንደገና ሊነሣ ነው። ማይኩ የሙት ምስክር አስፈልጎታል።

ማይኩ በመጣበት ቀን ማምሻውን እናትና ልጅ ጓዳ ውስጥ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«ይበሉት ልጄ። እሱ እንደሆነ ዐርፏል። በር ሥር የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«እማዬ፣ በምኑ እንደ ተጸጸተ እኮ አልጨረሰውም። ትንፋሽ አጠረው።»

«ሌላ ምን የሚጸጸትበት አለው?»



በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሐጂው መጣ። «አላህ ያጽናችሁ» ብሎ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለሐዘን ከመጡት ሴቶች አንዷ፣ «ደግሞ ምን ቀረው?» ስትል ሁላችንም ሰማን፤ እሱም ሰማ። ልጅቱ ሻይ አቀረበችለት፤ አልተመለሰችም፤ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ሐጂ፣ አባዬ ስለዚያ ቀን ተጸጽቶ ነበር?»

ሽማግሌው ሻዩን ሳይቀምስ ያዘው። «አዎ ልጄ። ነግሮኛል።»

እናቲቱ ከወዲያ ጥግ ቀና አለች።

«የመጋዘኔ ቁልፍ ጠፍቶኝ ሱቁ ሄጄ ነው። ‹ያን ዕለት በበሩ ክፍተት ስትሰግድ አየሁህ› አለኝ። ‹አንተ ከተመለስክ እንደምንሸነፍ ወንበሬ ላይ ሆኜ ቆጥሬ ጨርሼ ነበር። አንተም መቁጠር አታጣም፤ ግን ትተኸው ወጣህ። እኔ ስንቱን ስብሰባ በጸሎት ከፈትኩ፤ ለጸሎት ብዬ ግን አንድም ስብሰባ ትቼ አልወጣሁም። አንተን ጠበቅኩ እንጂ፣ ያን ዕለት እንኳ አልጸለይኩም። የሚቆጨኝ እሱ ነው› አለኝ።»

«ስለ ድምፁስ?»

«ስለ ድምፁ ምንም አላለም። ቁልፉን ቀረጸልኝ፤ ሄድኩ።» ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም ያልነገርኩት አለ። እንደዚያን ቀን የከፋ ሰላት ሰግጄ አላውቅም። ግንባሬ መሬት ላይ ነው፤ ጆሮዬ ግን ስብሰባው ውስጥ ነበር፤ አሁን እጅ አወጡ፣ አሁን ጨረሱ እያልኩ። ‹ወንድሜ፣ አንተ ያየኸው ጀርባዬን ነው› ልለው ይገባኝ ነበር። አላልኩትም።»

በዚህ መሐል ማይኩ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ገባ። ሐጂውን ባላየ አለፈው፤ መሐል ክፍሉ ላይ ቆሞ፣ «እንጸልይ» አለ። ሁላችንም ተነሣን። በጸሎት ላይ ማን ይናገራል? ይህን ያውቃል።

«ጌታ ሆይ፣ ይህ ባሪያህ በመጨረሻ ሰዓቱ ስሕተቱን አምኖ ወደ ወገኖቹ ስለ ተመለሰ…»

ትሪው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

«አባቴ ያለው እሱን አይደለም» አለች ልጅቱ።

ማይኩ ዓይኑን ገለጠ። «ጸሎት ላይ ነን እኮ!»

«እኔም ልጸልይ ነው» አለችና በመሐላችን አልፋ ወደ አባቷ ክፍል ገባች።

በሩን አልዘጋችውም። እኔ ከቆምኩበት ይታየኝ ነበር። አልጋው ተነሥቶ ክፍሉ ባዶ ሲሚንቶ ሆኗል። እዚያ መሐል ተንበረከከች። አንድም ቃል አልወጣትም። ማይኩ ካቆመበት ሊቀጥል ሞከረ፤ «ስለ ተመለሰ…» አለ፤ ደገመው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አጣው።

እናቲቱ ከጥጓ ተነሣች። በማይኩ ፊት ሳታየው አለፈች። የሐዘን ጥቁር ሻርፗን ከትከሻዋ አወረደች፤ ሁለት ጊዜ አጠፈችው። ጎንበስ ብላ፣ ለሕፃን ጫማ እንደሚያጠልቅ ሰው፣ የልጇን አንዱን ጉልበት ከዚያም ሌላውን ከፍ አደረገችና ከሥሩ አነጠፈችላት። እሷ ራሷ አጠገቧ፣ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች።

ፊደል የቆጠርኩት ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ ነውና፣ ቃሉን እንደ ተነገረ አኑሬው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ያን ቀን አብራችሁኝ የቆማችሁ፣ ያዛነፍኩት ካለ አቃኑልኝ።